በርበሬ የተጠቀለለበት ጋዜጣ

እህቴ ስትደውል መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ የባሕር ዳሩን አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነበር። ጋዜጣ ወደ ደብረ ታቦር የሚመጣው በእሱ ነው። ያን ሰሞን አውቶቡሱ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይቀራል፤ ለምን እንደቀረ የሚነግረን የለም። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ማየት ልማድ ሆኖብኝ ነበር። የምቀበለው ነገር በሌለበት ቀን እንኳ እቆማለሁ።

«ቶሎ ና» አለችኝ። «በርበሬ መለሱብኝ።»

«ምን ሆነ ብለው? ተበላሽቶ ነው?»

«በርበሬውማ ምን ይሆናል! ወረቀቱን ነው።»

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩም እንደ አውቶቡሱ ነበር።

ሱቋ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ነፋስ በመጣ ቁጥር የምትንኳኳ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። እህቴ ብዙ ዓመት አረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ የከፈተቻት ናት፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅመም፣ ጨውና ስኳር ትሸጥባታለች። ፌስታል ሊከለከል ነው ከተባለ ወዲህ ብዙው ባለሱቅ ወደ ወረቀት ተመልሷል። እሷም ጋዜጣውን በአንድ እጇ ጠምዝዛ፣ ታቹን አጥፋ፣ በሌላው እጇ በርበሬውን ታፍሳለች። እጇ ፈጣን ነው። ደንበኛው ሚዛኑን አይቶ ሳይጨርስ ጥቅልሉ ተዘግቶ ባንኮኒው ላይ ይቆማል።

ስደርስ አንድ ጥቅልል ተፈትቶ፣ በርበሬው እንዳለ፣ ባንኮኒው ላይ ተዘርግቷል።

«ማን ናቸው የመለሱት?»

«እኒያ የጋሳዩ ገበሬ አባት። ጥቁር ካፖርት የሚለብሱት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገብስ ይዘው የሚመጡት።» ድምፃቸውን እያስመሰለች ቀጠለች። «‹በርበሬሽ ጥሩ ነው ልጄ፣ ከዚህ ወረቀት ጋር ግን ቤቴ አይገባም።› ‹አባቴ፣ ወረቀቱን ይጣሉትና በርበሬውን ይያዙት› አልኳቸው። ‹ቤት ያለችው ልጄ አንብባልኝ፣ በጆሮዬ ሰምቼው፣ እንዴት አድርጌ ነው የምበላው?› አሉኝ። ሰው በሞላበት! ኋላቸው የቆመችው ሴትዮ ያዘዘችውን ትታ ወጣች።»

«እሷ ለምን ወጣች?»

«አንድ ሰው ከተቆጣ ምክንያት አለው ብላ ነዋ። አንተ ጋዜጠኛ ስለሆንክ ሁሉም ሰው ምክንያት የሚጠይቅ ይመስልሃል።»

በርበሬውን ወደ ሳህን ገለበጥሁና ገጹን አራግፌ አነበብሁ። የመንግሥት ጋዜጣ ነው፣ ያለፈው ክረምት። ማዳበሪያ በአካባቢያችን ላሉ አርሶ አደሮች ሁሉ በወቅቱ ደረሰ ይላል። ከጽሑፉ በላይ የሚስቁ ሰዎች ፎቶግራፍ አለ፤ የት እንደተነሳ አልተጻፈም። ያን ክረምት አስታውሳለሁ። ገበሬው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ዝናብ እየመታው ቆሞ ይመለስ ነበር። ለአንዳንዱ ደርሶታል፣ ለአንዳንዱ ዘር ከተዘራ በኋላ መጥቷል። «ሁሉ» የሚለው ቃል ትክክል አልነበረም።

ወረቀቱን እህቴ የገዛችው ከቢሮዎች አሮጌ ወረቀት ከሚሰበስብ ሰው ነው። ቢሮዎቹ ጋዜጣውን በደንበኝነት ይወስዳሉ፤ በሲባጎ እንደታሰረ ይመጣል፣ በሲባጎ እንደታሰረ ይሸጣል። ማንም ስላልገለጠው ንጹሕ ነው። ለመጠቅለያ የመረጠችውም ለዚህ ነው። ይሄን ግን የጠየቃት የለም። ከሱቋ ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት በሁለተኛው ቀን የሰማሁት ሌላ ነው። «ያቺ የአረብ አገሯ እኮ ከቢሮ ነው ወረቀት የሚሰጧት። ሱቁም የእነሱ ነው ይባላል።» የተናገረው ልጅ የእኔን ማንነት አያውቅም። «ይባላል ያለህ ማነው?» ስለው ሻዩን ጨልጦ ወጣ።

ለማያውቀው ሰው ይሄ እብደት ይመስለዋል። ከተማችን ግን በዚያ ሰሞን ሰውን በያዘው ነገር የምታነብ ከተማ ሆና ነበር። ያው የሻይ ቤቱ ባለቤት የዜና ጣቢያ ከከፈተ ግማሹ ደንበኛ ስለሚነሳበት ቴሌቪዥኑን ኳስ ላይ አድርጎ ሪሞቱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። የባጃጅ ሹፌሮች ተሳፋሪ ሲገባ ሬዲዮ ይቀንሳሉ፤ ሰውየው ምን እንደሚሰማ እስኪያውቁ ነው። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ለሚታተም የግል ሳምንታዊ ጋዜጣ ከዚሁ ሆኜ እዘግባለሁ። ቢሮ ስገባ «የተቃዋሚው መጣ» እባላለሁ፤ ሻይ ቤት ስቀመጥ «እናንተ ደግሞ ትፈራላችሁ» እባላለሁ። ድሮ ይሄን እንደ ምስክር ወረቀት እቆጥረው ነበር። ሁለቱም ወገን ከተቆጣብህ ቀጥ ብለህ ሄደሃል ይሉናል። አሁን እንደዚያ አላምንም። ሁለቱም ተቆጥተው ዘገባው ጠማማ ሊሆን ይችላል።

እህቴ ግን የምታስበው ስለ ሱቋ ብቻ ነበር። አረብ አገር አብራት የነበረች ጓደኛዋ በየሳምንቱ መልእክት ትልክላታለች። «ማዳም እየጠየቀችሽ ነው። ክፍልሽ እንዳለ ነው፣ ሰው አላስገባችበትም።» መልእክቱን አሳየችኝና ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

«ምን ብለሽ መለስሽላት?»

«እስከ ጥምቀት ልየው አልኳት። ሱቁ ካልሄደ እሄዳለሁ።»

ስለዚያ ቤት አንድ ቀን ብቻ ነግራኛለች። ክፍሏ መስኮት እንዳልነበረው፣ በሩም የሚቆለፈው ከውጭ እንደነበር። ከዚያ በኋላ ጠይቄያት አላውቅም። በዚያ ሳምንት ግን ያ በር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ዘገባ ለመጻፍ ተቀምጬ ሁለት መስመር ሳልጨርስ ተነስቼ ወደ ሱቋ እሄዳለሁ፣ ሰው መኖሩን አያለሁ፣ እመለሳለሁ።

«የአንተን ጋዜጣ ስጠኝ» አለችኝ። እቤት የተደረደረ ብዙ አለኝ።

«የእኔም ወገን አለው ይላሉ።»

«የማን ወገን?»

«እንደ ጠያቂው ነው።»

«እንግዲያው ለሁሉም ይሆናል» ብላ ሳቀች፤ እስሩን ተሸክማ ወጣች።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ቀበሌ የሚሠራ አንድ ሰው አለ፤ ደንበኛዋ ነው፣ ሽሮ የሚገዛው ከእሷ ብቻ ነው። ጨዋታ ያውቃል። ያን ቀን እኔም ጥግ ላይ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር። እህቴ ስትመዝን እሱ ጥቅልሉን አንስቶ አዞረው፣ አነበበው፣ ጮክ ብሎም ደገመው። «‹የደብረ ታቦር ገበያ ተዘጋ።›»

ሰው ዞር አለ። ከበሩ ውጭ ገበያተኛው በግ እየጎተተ፣ እህል ተሸክሞ ይተላለፋል።

«እህት ዓለም፣ ገበያ መሀል ቆመሽ ‹ገበያ ተዘጋ› እያልሽ ትጠቀልያለሽ? አንዱን ምረጪ እንጂ! ወይ ሱቁን ዝጊ፣ ወይ ወረቀቱን።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። እሱም ሳቀ። ቀጥሎ ሽሮውን ከኪሱ ባወጣው ፌስታል ውስጥ ገለበጠና ገጹን በአራት አጥፎ የጃኬቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ወረቀቱን ለምን ፈለጉት?» አለችው።

«ለንባብ ነዋ» አለ፤ ሰላምታ ሰጥቶን ወጣ።

ምናልባት እውነቱን ነው፤ ለንባብ ይሆናል። በወረቀቱ ምክንያት እስከ ዛሬ የመጣ ነገር የለም። እህቴ ግን ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሱቅ በገባ ቁጥር መጀመሪያ የምታየው ኪሱን ነው።

ሰዉ ሲወጣ ከእስሩ ውስጥ ሌላ ቅጂ መዝዛ ፊቴ ዘረጋችው። ስሜ ከርዕሱ ሥር በደማቁ ተጽፏል።

«ወንድምዓለም፣ ይሄን አንተ ነህ የጻፍከው?»

የላክሁትን ነገርኳት። መንገድ ስለተዘጋ ከእብናትና ከአንበሳሜ በኩል የሚመጡት ነጋዴዎች አልደረሱም፣ ገበያውም በዚያች ቅዳሜ ሳስቶ ዋለ፤ በተከታዩ ቅዳሜ ግን እንደ ወትሮው ሞላ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ቦታ ጠበበ ተብላ ወጣች። ርዕሱን የሰጠው ዋና አዘጋጁ ነው። በጊዜው ደውዬ ተቃውሜ ነበር፤ «ታትሟል እኮ» አለኝ።

እህቴ ሌላ ጊዜ ብትሆን ትጮህብኝ ነበር። ያን ቀን አልጮኸችም።

«በርበሬ የሚልክልኝ የባሕር ዳሩ ነጋዴ ‹ከተማችሁ ተዘግቷል፣ ዕቃዬን ለማን ልላክ› ያለኝ ለዚህ ነው ለካ» አለች። «የወንድሙ ልጅ አዲስ አበባ አንብቦ ነገረኝ ብሎኛል። ያለኝ በርበሬ እኮ ይሄው ነው፤ ሌላ አልመጣልኝም። ጋዜጣ ሲለኝ የአንተ መሆኑን በምን ልወቅ?»

ከጆንያው ተነሳሁ። ነገር ሲወሳሰብብኝ የማደርገውን አደረግሁ፤ ከመጀመሪያው ምንጭ፣ በርበሬውን ከመለሱት ሽማግሌ ጀመርሁ። በማግስቱ ጠዋት የጋሳይ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርሁ።

ከጋሳይ ወርጄ በእግር ሄድሁ። አጨዳ አልቆ ማሳው ገለባ ብቻ ነው፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ፊት ይልጣል። ሽማግሌው ውጭ አውድማ ላይ ገብስ እያዘሩ አገኘኋቸው። የሱቋ ወንድም መሆኔን ስነግራቸው የሚያዘሩበትን ላይዳ ጣሉና «ልትጣላኝ መጣህ?» አሉኝ።

«አይደለም አባቴ፣ ልጠይቅዎት ነው።»

«ለጥያቄማ ግባ፤ እዚህ ነፋሱ ያወራልናል እንጂ አንሰማማም።»

ቤት ስገባ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ቀረ። ከወለል እስከ ጣሪያ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። ገጠር ቤት ይሄ ብርቅ አይደለም፤ አቧራና ነፋስ ይከለክላል። ነገር ግን እየዞርሁ ሳነብ ሁሉም አንድ መልክ ያላቸው ሆኑብኝ። የገበሬ ብሶት፣ የመንገድ ችግር፣ የመምህራን አቤቱታ። ከመንግሥት ጋዜጣ አንድም ገጽ አላገኘሁም።

ባለቤታቸው ቆሎ ይዘው መጡ፤ ዓይኔ የት እንዳለ አይተዋል። «የወደዳትን ነው የሚለጥፍ» አሉኝ ባላቸውን በአገጫቸው እያመለከቱ። «ልጃችን ታነብለታለች፤ የወደዳት ግድግዳ ላይ፣ ያልወደዳት እሳት ማያያዣ።»

«ታዲያስ! የማልወደውን እያየሁ ልተኛ?» አሉ ሽማግሌው።

የማዳበሪያውን ነገር አጫወቱኝ። ዘር ወቅት መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ወረቀቷን ልጃቸው እራት ላይ ስታነብላቸው ጎረቤትም ነበር፤ ጎረቤት ሳቀባቸው። «ደርሶሃል ይላል እኮ፣ የት ደበቅኸው?» አላቸው። በርበሬውን የመለሱት በዚያ ንዴት ነው። ሁሉንም ጻፍሁ። በርበሬው ላይ ቅሬታ አልነበራቸውም፤ ሱቁ የማን ነው የሚለውንም አላነሱም።

ቀና ስል ከአልጋው በላይ፣ ሰው ተኝቶ በሚያይበት ቦታ፣ የእኔ ገጽ አለች። «የደብረ ታቦር ገበያ ተዘጋ።»

«አባቴ፣ ይቺን ቅዳሜ ያስታውሷታል?»

«እንዴት አላስታውሳት! ገብሴን እንደዚያ ቀን ሸጬው አላውቅም። ሻጭ የለ፣ እኔ ብቻ ነኝ።»

«ገበያው አልተዘጋም ማለት ነው።»

«አልተዘጋም።»

«እዚህ ግን ተዘጋ ይላል።»

«ይላል።»

«ታዲያ ውሸት ነዋ።»

«ውሸት አትበለው ልጄ» አሉ ቆሎ እያሹ። «ያኛው ጋዜጣ ደልቷቸዋል አለ። ይኸኛው ቸግሯቸዋል አለ። ችግር አለብን፣ የለብንም?»

«አለብን።»

«በቃ። ለእኛ የቆመው ይሄ ነው።»

«ማዳበሪያው ሳይደርስ ደረሰ ማለትና ገበያው ሳይዘጋ ተዘጋ ማለት ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። ባለቤታቸው ግን በዓይናቸው ይስቃሉ። ያኔ የቀረውን ነገርኳቸው። የባሕር ዳሩ ነጋዴ ይሄን ርዕስ ሰምቶ ዕቃ መላክ እንዳቆመ፣ እህቴ እስከ ጥምቀት ካልሆነላት ተመልሳ አረብ አገር እንደምትሄድ ነገርኳቸው።

«በዚች ወረቀት?» አሉ ወደ ግድግዳው እየጠቆሙ። «ማነው የጻፋት?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ? ታዲያ ምን ሆነህ እንዲህ ብለህ ጻፍክ?»

«እንደዚህ ብዬ አልጻፍኩም።»

«ስምህ ግን አለበት።»

«አለበት።»

አሁን እሳቸው ሳቁ። ሲሸኙኝ በር ላይ እጄን ይዘው፣ «ልጅቷን ሰላም በልልኝ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» አሉኝ። «ወረቀቷን ግን አልነቅላትም። ነፋስ ያስገባብኛል።»

ሚኒባስ እስኪመጣ መንገድ ዳር ወዲያ ወዲህ ስል ያ ግድግዳ አብሮኝ ነበር። ሽማግሌው የሚያደርጉትን የእኔም አዘጋጅ ጠረጴዛው ላይ ያደርገዋል፤ አንባቢው ግድግዳው ላይ የሚለጥፈውን ያትማል። ጋዜጣ ያዘነበለው ወደየት ነው ተብዬ ብጠየቅ የፓርቲ ስም እጠራ ነበር። አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ማን እንደሚገዛው ነው። የመንግሥቱን የሚገዛው ቢሮ ነው፤ ለቢሮው ይጽፋል። የእኛን የሚገዛው አዲስ አበባ ሆኖ ስለ አገሩ የሚጨነቅ ሰው ነው፤ ለጭንቀቱ ይጽፋል። እዚህ በርበሬ ለምትሸጠው ሴት ሁለቱም አልጻፉም።

ከተማ ገብቼ ኔትወርክ ሳገኝ ለዋና አዘጋጁ ደወልሁ። በዕድሜ ያንሰኛል፤ ሥራ ይችላል፣ ሰው ነው፣ እንጨቃጨቃለን።

«ማስተባበያ እንድታወጣ ነው የደወልኩት» አልሁት።

«ለየትኛው ጋሼ?»

«ለገበያው። ርዕሱ ስህተት ነው።»

«እሱ እኮ አለፈ! አሁን ብናስተባብል ማን ደስ እንደሚለው ያውቃሉ?»

«ማን ደስ ይለዋል አላልኩህም። ገበያው ተዘግቶ ነበር ወይስ አልተዘጋም?»

«አልተዘጋም፤ እሺ። ግን ‹ገበያው ሳስቶ ዋለ› የሚል ጋዜጣ ማን ይገዛኛል? አንባቢያችን እኛን የሚያነበን ሌላው የሚደብቀውን እንድንነግረው ነው።»

«ያልሆነውንም?»

«እንደሱ አይበሉ እንጂ ጋሼ።»

«እዚህ ያለው አንባቢስ?»

«እዚያ የሚደርሰው ጋዜጣ ምን ያህል ነው? የደረሰውንም እህትዎ በርበሬ ጠቅልላበታለች አሉ።» ወሬው ከእኔ ቀድሞ አዲስ አበባ ገብቷል። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቄ ግን ቶሎ አለቀ።

«እንግዲያው ለበርበሬ የሚሆን ላክልኝ» አልሁት። «ያልተጻፈበት። ማተሚያ ቤቱ ጥቅል ወረቀት ሲያልቅ ጫፉ ላይ የሚተርፈውን።»

«እሱን እልካለሁ!» አለኝ፤ ዕዳ እንደቀለለለት ሰው ፈጠን ብሎ። «ነገ ነው የምጭነው።»

«አንድ ነገር ጨምር። ከእንግዲህ እኔ በላክሁት ዜና ላይ እኔ ያላየሁት ርዕስ ከወጣ ስሜን አታስገባ። ዜናውን ተጠቀምበት፣ ስሜን ተወው።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አነሳሁ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ።

ማስተባበያ አላወጣም። ወረቀቱ ግን መጣ። የአውቶቡሱ ረዳት ጥቅሉን ከጣሪያው ላይ ሲያወርድልኝ ተአምር ያየ ያህል አየው። «ጋዜጣ ነው ያሉት፤ ጽሑፉን መንገድ ላይ አፈሰስነው እንዴ?»

እህቴ ወረቀቱን ስታይ ተናደደች። ማስተባበያ ጠብቃ ነበር። «ይሄ ነው መልሳቸው? ባዶ?» አለች፤ ግን ባዶውም ያስፈልጋት ስለነበር ቢላ አንስታ መቁረጥ ጀመረች።

ቅዳሜ ገበያው ሞላ። ከእብናት በኩል ፍየልና ማሽላ የጫኑ ሰዎች ገብተዋል፣ የአንበሳሜዎቹም ደርሰዋል። ሱቁ ውስጥ ግን የመጀመሪያዋ ደንበኛ ጥቅልሉን እንደያዘች ቆመች።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም» አለቻት እህቴ።

«የማንም ያልሆነ ወረቀት ከየት ይመጣል?»

ሁለተኛዋ ወደ ብርሃኑ አንስታ ተመለከተችው፤ ውስጡ የተደበቀ ነገር ካለ ብላ። አንድ ጎረምሳ «ጽሑፉ በኋላ ይወጣበታል፣ እሳት ስታስጠጉት» አለ። ያ የቀበሌው ሰውም መጣ። ገጹን አገላብጦ «በዚህ እንኳ ማንም አይከስሽም» ብሎ ሽሮውን ይዞ ሄደ፤ እህቴ ኪሱን እስከ በሩ ድረስ በዓይኗ ሸኘችውና ሳቀች። ያ ገጽ ከተወሰደ ወዲህ ሳቋን የሰማሁት ያኔ ነው።

የጋሳዩ አባት ረፋድ ላይ ገቡ። በርበሬ አዘዙ። ጥቅልሉን ተቀብለው አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ አዩት።

«ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው አባቴ።»

«እንዲህማ አይሆንም። ልጄ ከገበያ ስገባ የምታነበው ትፈልጋለች። ባዶ ይዤባት ልግባ?»

እህቴ አየችኝ። ቀጥሎ እጇን ዘረጋች፤ እስክሪብቶዬን ሰጠኋት። ከሚዛኑ ጎን ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብላ ወረቀቱ ላይ ጻፈች። የእጅ ጽሑፏ ትልልቅ ነው፤ ትምህርት ቤት ከወጣች ብዙ ዘመኗ ነው።

«ምን አለች?» አሉ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው።

አነበብሁላቸው። «‹ዛሬ ቅዳሜ የደብረ ታቦር ገበያ ሞልቷል። ግማሽ ኪሎ በርበሬ ገዝተዋል።›»

ሽማግሌው ዞረው በሩን አዩ። ሰው በሰው ላይ ነው። ሚዛኑንም አዩት።

«እውነት ነው» አሉ። «ይቺን የት እንደምለጥፋት አውቃለሁ። ከአልጋዬ በላይ፣ እዚያችው ላይ። አልነቅላትም ብያለሁ፤ አልደርብባትም አላልኩም።»

ሲወጡ ሌላዋ ሴትዮ «ለእኔም ጻፊልኝ» አለች። ቀጥሎም ሌላ። እህቴ ብስጭትም ሳቅም ይዟት «ልሽጥ ወይስ ልጻፍ?» እያለች ጻፈች። ከዚያ በድንገት እስክሪብቶውን አስቀመጠችና ስልኳን አወጣች። ለማን እንደምትደውል አልነገረችኝም። ስልኩ ሲነሳ ሰላምታም አልሰጠች፤ ከባንኮኒው ወጥታ በሩ ላይ ቆመችና ስልኩን በተዘረጋ ክንዷ ወደ ገበያው ያዘችው። የበግ ጩኸት፣ የተሸካሚ «ዞር በል!»፣ አሞሌ ጨው የሚፈልጥ ሰው ድምፅ፣ ሁሉም ገባበት።

ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። «ሰሙ ጋሼ? ይሄ ነው የተዘጋው ገበያ።»

የባሕር ዳሩ ነጋዴ ምን እንዳላት አልሰማሁም። እሷ «እሺ፣ እሺ» ትላለች፤ መሀል ላይ መስመሩ ሄደ። ስልኩን አየችው፣ ነቀነቀችው።

«ምን አለ?»

«ሰኞ እጭናለሁ አለ። መንገዱ ከተከፈተ።»

ያን ዕለት ስለ ገበያው አጭር ዜና፣ ርዕሱን ራሴ ሰጥቼ ላክሁ፤ አዘጋጁም ሳይነካው እንደሚያወጣው ጽፎልኝ ነበር። ማውጣቱን የማየው አውቶቡሱ ሲመጣ ነው። ሰኞ ሁለታችንም መናኸሪያው በር ላይ ቆምን። እህቴ ሱቁን ለጎረቤት ሰጥታ መጥታለች። ነጠላዋን ነፋሱ ይጎትትባታል፤ እሷ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ሰዓት ትጠይቀኛለች። ጓደኛዋ ጠዋት ላይ እንደገና ጽፋላት ነበር። «ማዳም መልስ ትፈልጋለች።» እህቴ መልሱን ጀምራ፣ አጥፍታ፣ ጀምራ፣ ስልኩን እንደከፈተችው ይዛዋለች።

አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ጣሪያው ላይ ሸራ የለበሰ ጭነት አለ። ገና ሳይቆም እህቴ ሮጣ ጎኑን ይዛ ወደ ላይ አንጋጠጠች። እኔ ጋዜጣው የሚታሰርበትን የፊት መቀመጫ በመስኮት ፈለግሁ።

«ጋዜጣህን አየኸው?» ብላ ጮኸችልኝ ከኋላ።

«አላየሁትም!»

«እኔ ጆንያዬን አየሁ!» አለች፤ ረዳቱ መሰላሉ ላይ ሳይወጣ ቀድማ ወጣችበት። ስልኳን እጄ ላይ ጥላልኝ ነበር። ስክሪኑ አልጠፋም። ለጓደኛዋ ጀምራ ያልላከችው መልእክት ላይ አንድ ቃል ብቻ አለ፤ «አልመጣም።»

«ልላከው?» አልኋት ወደ ላይ።

«አንተ ምን ቸኮልክ? ጆንያውን ያዝ መጀመሪያ!»

ያዝሁላት። በርበሬው ከባድ ነበር፤ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ትኩስ ሽታው ዓይኔን አቃጠለኝ። ስትወርድ ስልኳን ከእጄ ወስዳ፣ አንዴ አየችውና፣ ላከችው።